ስድስት ቁጥር

ማራኪ ግቢ ነው፤ ሜዳው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ አፈር፣
ተማሪው ከአጥሩ ሥር፣ እኔ ከደረጃው ጫፍ፣ ከአንድ ጡብ ዳር።
ጉልበቴ ላይ ቅጹ፣ ጆሮዬ ላይ እስክርቢቶ፣
ወገቤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተንገላቶ፣
አንድ ሰው ፍለጋ፣
ከተከላካይ ፊት የሚቆም፣ የሚያፈርስ፣ የሚጠግን፣ በትንሽ ዋጋ።

«ስድስት ቁጥር ነው» አለኝ አሰልጣኝ ጌጤነህ፤
«አዛናው ይባላል። ልጄ ነው አልልህም፤ ግን እየው እባክህ።»

ቅጹ ይጠይቃል።
ቁመት? አንድ ሰማንያ ሁለት፣ ጫማው ሳይቆጠር።
ክብደት? ሰባ ኪሎ፤ በካፌው ሽሮ ከዚህ በላይ ማን ይጨምር?
ግራ እግር? ለመራመጃ።
የአየር ላይ ኳስ? ጥሩ፤ ዓይኑን አይጨፍንም።
ፍጥነት? ሰዓት ይዤ ነበር፤ ልጁ ግን አይሮጥም፣
ኳሷ ሳትነሣ እሱ ማረፊያዋ ላይ ነው፤
ቀድሞ የተገኘን ሰው ሰዓት በምን ሊለካው?

በሃያኛው ደቂቃ የሕክምናዎቹ ዐሥር ቁጥር መጣ፣
አንዱን አታለለ፣ በሌላኛው እግር መሐል ወጣ፤
አዛናው አልቸኮለም። እንደ ገበያ ሰው
ዋጋው እስኪወርድ ድረስ ቆሞ ጠበቀው፤
ከዚያ አንዲት እርምጃ፦ ኳሷ የእሱ ሆነች፤
ዐሥር ቁጥር ያለ ኳስ ሮጠ፤ ከአጥሩ ሥር አንዲት ልጅ ሳቀች።

ግራ ተመላላሹ ሲሳሳት አለመጮኹን፣
ዝም ብሎ ሄዶ የሰውየውን ቦታ መሸፈኑን፣
ዳኛው ሲያፏጭበት እጁን ወደ ኋላ ማጣመሩን፣
ይህን የምጽፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም፤
«ሌላ» የሚል መስመር አለ፣ ከአውራ ጣቴ አይረዝምም።

ከእረፍት በኋላ ነው ያየሁት።
ወደ ግራ ሲዞር፣ ለግማሽ ቅጽበት፣
ማጠፊያው እንደ ዛገ በር፣ ቀኝ እግሩ እምቢ አለ፤
አሰልጣኙም፣ ዳኛውም፣ ያች የሳቀችው ልጅም፣ ማንም ልብ አላለ።
እኔ ግን አወቅሁት፤ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው የማውቀው፤
ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጎንደር፣ ፋሲለደስ ስታዲየም፣
እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ፣ የራሴው።
«ምንም አይደል» ብዬ፣ በፋሻ ጠቅልዬ፣
በሦስተኛው ወር በሰው ትከሻ ወጣሁ፣ እግሬን አንጠልጥዬ።

ጨዋታው አለቀ።
ከቧንቧው ሥር አገኘሁት፣ ጉልበቱን ውሃ ሲያፈስበት።
«መቼ ነው?» አልሁት።
ቀና ብሎ አየኝ። አልዋሸም፤ ዋሽቶ ቢሆን ደስ ባለኝ፤
«ግንቦት ላይ፣ አዘዞ ሜዳ። አይጻፍ ጋሼ» አለኝ።
ጫማውን እያራገፈ፦ «ነገ የቅየሳ ፈተና አለብኝ፤ ማለፍስ አልፋለሁ፤
እዚህ ሜዳ ላይ ግን፣ ሳልለካ አውቃለሁ።»

ባጃጁ ወደ አራዳ ሲያንደረድረኝ ቅጹ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ፤
የቀረው አንድ ሣጥን ነው፣ «የጤና ሁኔታ»፣ ባዶውን እያፈጠጠ።
ብጽፈው አይወስዱትም።
ብተወው ይወስዱታል፤ ሲሰበር ስሙን አያስታውሱትም።

ማታ ሥራ አስኪያጁ ደወለ፦ «በአንድ ቃል ንገረኝ፣ እንውሰደው? እንተው?»
«መብራት የለም፣ ኔትወርክም የለም» ብዬ ዘጋሁት፤ ከሁለቱ አንዱ እውነት ነው።

በስልኬ ብርሃን ቅጹን ዘረጋሁ።
ቅኔ የሚዘረፍባት ከተማ ናት፤ እኔ ቅኔ አልቆጠርሁም፣
ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፣ ኳስ ብዬ፤ አልጸጸትም።
እጄ ግን በራሷ ጊዜ ሁለት ቃል አስቀመጠች፦

ጉልበቱ ይታይ።

ሐኪሙ ሲያነበው አንድ ነገር ነው፣
ሊቀ መንበሩ ሲያነበው ሌላ ነው፤
ፖስታውን ማን ቀድሞ እንደሚከፍተው
አላውቅም። ቀኑን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፤
ለእራት ደረጃውን ስወርድ የኔው ጉልበት ቀጭ አለ። ቆምሁ።